ሽፋናችን ከ100 በመቶ በላይ ነው፤ ታዲያ ኩፍኝ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ባለሙያ ነኝ። በየወሩ የጤና ጣቢያዎችን ሪፖርት እየሰበሰብኩ ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ በሚባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ላይ አስገባለሁ። ሰሞኑን «ዳታ አናሊቲክስ ለውሳኔ» የሚል ሥልጠና ወስደን ግራፍ መሥራት ተምረናል። የፔንታ 3 (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋናችን ከ100 በመቶ በላይ ስለሆነ አለቃዬ ደስ ብሎታል። ያም ሆኖ ኩፍኝ ገባብን። እውነት ይሄ ቁጥር ለውሳኔ ይሆናል ወይስ የግድግዳ ማሳመሪያ ነው?
ቢ. ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ከልጄ የምትበልጥ አይመስለኝምና አንተ ልበልህ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ያንተን ሥራ ነበር የምሠራው፤ ያውም ግማሹን ዘመን በወረቀትና በካልኩሌተር።

መጀመሪያ ያቺን 100 እናውርዳት። ሽፋን ማለት የተከተቡት ሕፃናት፣ «በወረዳው አሉ» ተብለው ለተገመቱት ሲካፈሉ ነው። ግምቱ የሚነሳው ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ስንቱ ሰው ቀዬውን ቀይሯል። አካፋዩ ካነሰ ሽፋኑ 100ን ቢዘል ምን ይገርማል?

ስለዚህ ግምት የማይፈልግ ነገር አወዳድር። ፔንታ 1 በ6 ሳምንት፣ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል። ፔንታ 1 ከወሰዱት ስንቱ ለኩፍኝ ተመለሱ? በየቀበሌው ለይተህ እየው። (ፔንታ 3 ከፔንታ 1 በልጦ ካገኘህ ደግሞ መዝገቡን አስመጥተህ በጣትህ ቁጠር። ሦስተኛውን ወስዶ አንደኛውን ያልወሰደ ልጅ የለም።)

እኔ ይህን ሳደርግ አንዲት ቀበሌ ላይ ፔንታ ደህና ሆኖ ኩፍኝ ላይ ዝቅ አለብኝ። ወረቀቱ የሚነግረኝ እዚያ ድረስ ነበር። ጤና ኬላው ድረስ ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጀመሪያ ዘጋችኝ፤ በኋላ ግን ተናገረች። «ሁለት እናት ብቻ ስትመጣ ብልቃጡን አልከፍትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ እላለሁ» አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኩፍኝ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። የተደፋው «ብክነት» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። በግምገማ ላይ ደግሞ እኛ ስናፋጥጣት የኖርነው በብክነቱ ነው! ልጅቱ ብክነቷን ቀነሰች፤ አመሰገንናት። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣችው እናት ግን በሳምንቱ አልተመለሰችም። የምንለካው ቁጥር ሲያምር ሕፃኑ ሳይከተብ ቀረ። ጥፋቱ የእኛ የቢሮዎቹ ነበር።

ለኃላፊያችን አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ ገባሁ፦ የፔንታው፣ የኩፍኙና የብክነቱ ቁጥር ጎን ለጎን። «መድኃኒት ይደፋ ነው የምትይው?» አለኝ። አዎ፣ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት አልኩ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ወረርሽኝ ሲገባ ለነዳጅና ለአበል የሚወጣውን ሳሰላለት ነው የለሰለሰው። የክትባት ቀን ተወስኖ ከመዝገቡ የቀሩት ሕፃናት ስም እየወጣ እናቶቹን መጥራት ተጀመረ። ለብክነት መውቀስም ቀረ። ይኸው ነው ውሳኔው፤ ሶፍትዌር አልተገዛም።

አንተ ከእኔ ትሻላለህ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን የፈጀብኝን ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ ወዲያው ያወጣልሃል። የተረፈህን ሰዓት ጤና ኬላ ሂድበት። ስትሄድ ታዲያ «ለምን አነሰ?» ብለህ አትጀምር። እኔ እንደዚያ ብዬ ገብቼ መዝገቡን ደብቃብኝ ነበር። የነገረችኝ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ነው።