አዲሱ ጄት ከበረረ ቆየ፤ ታዲያ መቼ እንሳፈርበታለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እኔና የአቪዬሽን ፍቅር ያስተሳሰረን ጓደኞቼ ጥር 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አንድ ቤት ተሰብስበን ቦይንግ 777-ኤክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ በቀጥታ ሥርጭት አይተናል። በአየር ጠባይና በነፋስ ምክንያት ቀኑ ተላልፎ ስለነበር፣ ጎማው መሬት ሲለቅ የጮኽነውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። በኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህንኑ አውሮፕላን ማዘዙን ስንሰማ ደስታችን እጥፍ ሆነ። ይሁንና ዓመታት አልፈው አውሮፕላኑ እስካሁን አንድም መንገደኛ ይዞ አልበረረም። የሥራ ባልደረቦቼም «ያ ሁሉ ጭብጨባ ለምን ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። እውነት ያለ ጊዜው ነው የተደሰትነው? የመጀመሪያ በረራስ ትርጉሙ ምንድን ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደስታችሁ የተገባ ነበር። በወረቀትና በኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ሲሰላ የኖረ ነገር በራሱ ክንፍ ወደ ሰማይ ሲወጣ በዓይን የሚታየው በዚያ ቀን ብቻ ነውና፣ አንድ የአቪዬሽን አፍቃሪ ይህ ቢያመልጠው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። የባልደረቦችዎ ጥያቄም ቢሆን ተገቢ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ በረራን ከምርቃት ጋር ያምታታዋልና። ሕንፃ የሚመረቀው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ አውሮፕላን ግን ፈተና ላይ መቀመጥ የሚጀምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረበት ቀን አንሥቶ ነው።

አውሮፕላኑ ከሲያትል ከተማ በስተሰሜን፣ ኤቨረት ከሚገኘው ፔይን ፊልድ የተነሣው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ሰማይ ላይ 3 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ቆይቶ ሲያትል በሚገኘው ቦይንግ ፊልድ ሲያርፍ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እናንተም እስከዚያ ሳትተኙ እንደጠበቃችሁ እንገምታለን። መሪውን የያዙት የሙከራ አብራሪዎች ካፒቴን ቫን ቼኒ እና ካፒቴን ክሬግ ቦምበን ነበሩ። መንገደኛ የለም፤ መስተንግዶም የለም። አውሮፕላኑ የሚልከውን መረጃ መሬት ላይ ያሉ መሐንዲሶች በዚያው ቅጽበት ይከታተሉት ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ በረራ ላይ አብራሪዎቹ የሚሠሩት ለተመልካች እምብዛም አይታይም። ብዙውን ጊዜ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ጎማው ለተወሰነ ጊዜ አይታጠፍም፤ ይህም አንድ ነገር ቢበላሽ ቶሎ ተመልሶ ለማረፍ እንዲያመች ነው። ከዚያ አብራሪዎቹ መሪው እንደታሰበው መታዘዙን፣ የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በየደረጃቸው መዘርጋትና መታጠፍ መቻላቸውን፣ ሞተሮቹና የኤሌክትሪክ መሥመሮቹ ጤናማ መሆናቸውን ቀስ እያሉ ይፈትሻሉ። በጎን የሚበር አንድ አነስተኛ አጃቢ ጄት ደግሞ እነሱ ከውስጥ ሆነው ሊያዩት የማይችሉትን የአውሮፕላኑን ሆድና ጅራት ይመለከትላቸዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1969 ቦይንግ 747 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ካፒቴን ጃክ ዋዴል ከክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በአንዱ ላይ ችግር በማየታቸው በረራውን አሳጥረው ተመልሰዋል። ያ ግን ማንንም አላሳፈረም፤ ችግሩ ተስተካክሎ አውሮፕላኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዓለምን አገልግሏል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ እኛም አፍቃሪዎች ሁሉ ከመጀመሪያው በረራ ይልቅ ይህን በትኩረት ቢከታተሉት እንወዳለን። ከፈተናዎቹ ሁሉ የፍሬኑን እናንሣ። አውሮፕላኑ ሊይዝ የሚችለውን የመጨረሻ ክብደት ይጭናል፤ የሚገጠምለት ፍሬን ደግሞ ሆን ተብሎ እስከ ወሰኑ ድረስ ያለቀ ነው። ከዚያም መንደርደሪያው ላይ ሊነሣ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፍጥነት ጨምሮ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ በሚገፋው ኃይል ሳይታገዝ፣ በፍሬን ብቻ ይቆማል። ፍሬኑ እንደ ፍም ይቀላል። በጎማዎቹ ውስጥ ሙቀት ሲበዛ የሚቀልጡ መክፈቻዎች ስላሉ ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት አየሩ ይወጣል። የእሳት አደጋ መኪኖች አጠገቡ ቆመው እያሉ ለ5 ደቂቃ ያህል ውኃ እንዲረጩ አይፈቀድላቸውም፤ በእውነተኛው ዓለም የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ የሚፈጀውን ጊዜ አውሮፕላኑ ብቻውን መቋቋሙን ማሳየት አለበትና። በሌላ ቀን ደግሞ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ብሎ፣ ጅራቱ መንደርደሪያውን እየፋቀና ብልጭታ እያወጣ ይነሣል፤ መሬት ሊለቅበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ለእኛ አገር ከሁሉም የሚቀርበው የከፍታው ሙከራ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ርቀትም ይረዝማል። ኤርባስ ኤ350 በሙከራ ላይ ሳለ ለዚሁ ሲባል ቦሊቪያ ውስጥ ላ ፓዝና ኮቻባምባ ድረስ ተወስዷል፤ ለብርድ ካናዳ ኢቃሉይት፣ ለሙቀት ደግሞ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ አል ዐይን ተልኳል። ዛሬ ኤ350 ከቦሌ መንገደኞቹን ጭኖ ሲነሣ አብራሪው የሚመራበት ሠንጠረዥ የተሰላው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ከተገኘ መረጃ ነው።

አሁን ወደ 777-ኤክስ መዘግየት እንመለስ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያው ደንበኛ ይደርሳል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ አካባቢ ጂኢ-9ኤክስ በተባለው ግዙፍ ሞተሩ ውስጥ፣ አየር በሚታመቅበት ክፍል ያለ አንድ ዕቃ ከታሰበው በፍጥነት እንደሚያልቅ በመታወቁ የመጀመሪያ በረራው ራሱ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ አንድ አውሮፕላን መሬት ላይ ታስሮ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ሊገጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጫና በአንድ ተኩል እጥፍ ሲፈተን፣ ወሰኑ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አካሉ ተቀደደ።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ግን የእኛንም ሐዘን ይነካል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302፣ የ157 ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ፣ ከዚያም ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አውሮፕላን ላይ ከደረሰው አደጋ ጋር ተደምሮ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአዳዲስ አውሮፕላኖች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥበት አሠራር ጠበቅ ብሏል። ቀድሞ ለአምራቹ ይተው የነበረ ብዙ ምርመራ ዛሬ ተቆጣጣሪው ራሱ ያየዋል። የመሥሪያ ቤቱ አብራሪዎች በተገኙበት የ777-ኤክስ የማረጋገጫ በረራ የጀመረውም ገና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነበር። በቀጣዩ ወር ሞተሩን ከክንፉ ጋር ከሚያያይዙት የቲታኒየም ክፍሎች አንዱ ተሰብሮ በመገኘቱ የሙከራ አውሮፕላኖቹ ሁሉ ቆመው፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሱ። ቦይንግ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የመጀመሪያው ርክክብ እ.ኤ.አ. በ2027 እንደሚሆን አስታውቋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ያዘዛቸው 8 አውሮፕላኖች የሚመጡት እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው።

ባልደረቦችዎ «ሌላው ቶሎ ይመጣ የለም ወይ?» ቢሉዎት እውነት አላቸው። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ታኅሣሥ 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ድሪምላይነር አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ኤ350ም ሰኔ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. ቱሉዝ ላይ ተነሥቶ በሰኔ 2008 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ደርሷል። ነገር ግን በጥር 2005 ዓ.ም. በባትሪ መቃጠል ምክንያት የዓለም ድሪምላይነሮች በሙሉ ከሦስት ወራት በላይ እንደቆሙ አይዘነጋም፤ እገዳው ሲነሣ መንገደኞችን አሳፍሮ መጀመሪያ ወደ አየር የተመለሰው የእኛው አየር መንገድ ሲሆን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ በረረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ የተሰበረ ዕቃ በሙከራ አብራሪ እጅ ሳለ መገኘቱን፣ መንገደኛ ተሳፍሮበት ከሚገኝ እኛ ሺህ ጊዜ እንመርጣለን። ባልደረቦችዎንም እንዲህ ይበሏቸው፦ በዚያ ምሽት ያጨበጨብነው ለአውሮፕላኑ መነሣት ነው፤ ለመንገደኛ ብቁ ሲባል ደግሞ ሌላ ጭብጨባ አለን።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከአውሮፕላን ሌላ ነገር አይታየውም። የሙከራ በረራ ሲኖር ስልኩ ላይ ተደፍቶ ያመሻል። ልከለክለው አልፈልግም፤ ጊዜው ግን በከንቱ እንዳይባክን እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎን አይከልክሉት። ምክራችን አንድ ነው፤ ደብተር ይያዝ። የበረራ መከታተያ መተግበሪያዎች የሙከራ አውሮፕላኖችን በምዝገባ ቁጥራቸው ያሳያሉ፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው 777-ኤክስ ኤን-779-ኤክስ-ደብሊው ይባላል። አውሮፕላኑ የት እንደሄደ፣ በምን ያህል ከፍታ ደጋግሞ እንደዞረ፣ ስንት ጊዜ መሬት ነክቶ እንደተነሣ ይጻፍና «ይህን ለምን አደረገ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አንድ ቀን ሙሉ አንድ መንደርደሪያ ላይ እየነካ ሲነሣ የዋለ አውሮፕላን ምን እየተፈተነ እንደነበር ለማወቅ ሲሞክር፣ ሳይታወቀው ፊዚክስ እያጠና ነው። እርስዎም አልፎ አልፎ ደብተሩን ተቀብለው እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፤ ለእናቱ ማስረዳት የቻለውን ነገር በእርግጥ ገብቶታል ማለት ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛም ከወዲሁ ይጠንክር፤ ነገ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን በር ቢያንኳኳ፣ አብራሪም ሆነ ቴክኒሺያን መሆን ቢፈልግ፣ ሁለቱም ያስፈልጉታል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እናክላለን፤ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የ777-ኤክስ ክንፍ ጫፉ እንደሚታጠፍ አነበብኩ። በአየር ላይ ቢታጠፍስ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሚታጠፈው መሬት ላይ ብቻ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 71.8 ሜትር ይሆናል፤ ረጅም ክንፍ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ለበረራ ይፈለጋል። ሆኖም ዛሬ ያሉት ትላልቅ አውሮፕላኖች የሚቆሙባቸው አብዛኞቹ ጌቶች (የመሳፈሪያ ቦታዎች) የተሠሩት ከ65 ሜትር ለማይበልጥ ክንፍ ነው። ጫፎቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ስፋቱ 64.8 ሜትር ስለሚሆን አዲሱ አውሮፕላን የቀድሞው ትሪፕል ሰቨን (777) በሚቆምበት ቦታ መቆም ይችላል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ለዚሁ አውሮፕላን የተለየ ደንብ አውጥቷል፤ ጫፎቹ ተዘርግተው ካልተቆለፉ አብራሪዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ማስጠንቀቂያ ሊደርሳቸው ይገባል፣ አውሮፕላኑም እንዲነሣ አይፈቀድለትም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩት አውሮፕላኖች ዛሬ የት ናቸው? ልጆቼን ወስጄ ላሳያቸው የምችለው አለ? (አንባቢ፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ ታድለዋል፤ አጠገብዎ ነው። ቦይንግ ፊልድ ዳር በሚገኘው የበረራ ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 የበረረው የመጀመሪያው 747 ራሱ ቆሟል። እዚያው ሦስተኛው የ787 የሙከራ አውሮፕላንም አለ። የመጀመሪያው 787 ግን ብዙ የክንፉና የአካሉ ክፍሎች ወደተሠሩባት ናጎያ፣ ጃፓን ተሰጥቶ በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ለሕዝብ ይታያል። ሙዚየሙ ያለበት መንደርደሪያ 777-ኤክስ ከመጀመሪያ በረራው ተመልሶ ያረፈበት ነው፤ የሙከራ አውሮፕላኖችም እስከ ዛሬ ስለሚመላለሱበት፣ ልጆችዎን ይዘው ሲሄዱ የዕለቱን እንቅስቃሴ በመከታተያ መተግበሪያ አስቀድመው ቢያዩ ከሙዚየሙ ጉብኝት ጋር አንድ ማረፊያ ለማየት ሊታደሉ ይችላሉ።