ሀሁን በዜማ የወጣ ልጅ ማንበብ ችሏል ወይ? ስለ አፀደ ሕፃናት ትምህርት ጥያቄና መልስ

መምህርት፦ ዛሬ የምመልሰው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ስላሉ ልጆች አማማር ብቻ ነው። በአፀደ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ በኋላም የአፀደ ሕፃናት መምህራንን አሠልጥኛለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም። የልጃችሁን ዕድሜ በዓመትና በወር ሳትጽፉ እንዳትጠይቁኝ አደራ እላለሁ።

የአዳማዋ እናት፦ ልጄ አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ከሀ እስከ ፐ ያለውን በዜማ ትወጣዋለች፤ ነገር ግን «ሚ» የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃት ከ«መ» ጀምራ ካልቆጠረች አታገኘውም። ይህ ችግር ነው?

መምህርት፦ በዕድሜዋ ችግር አይደለም፤ እስካሁን የያዘችው ዜማውን ነው፣ ፊደሉ ገና ነው። ልጅ ለማንበብ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቃል በድምፅ ቁርጥራጭ እንደተሠራ በጆሮው መስማት ነው። «ማሰሮ» ብላችሁ ሦስት ጊዜ አጨብጭቡ፤ «ማንኪያ፣ ማር፣ ማታ» ብላችሁ ሦስቱን የሚያመሳስላቸውን ጠይቋት። ይህን ያለ ደብተርና ያለ እርሳስ፣ ሽንኩርት እየላጣችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ትንንሽ ልጆች ተናባቢውንና አናባቢውን ለያይተው ከመስማታቸው በፊት ሁለቱ ተጣምረው የሚሰጡትን ድምፅ ይሰማሉ፣ እያንዳንዱ ፊደልም የሚወክለው በአብዛኛው ይህንኑ ጥምር ድምፅ ነው። የሚያስቸግረው ሳድሱ፣ ማለትም እንደ «ብ» እና «ር» ያለው ስድስተኛው መልክ ነው። «ብር» በጽሕፈት ሁለት ፊደል ሲሆን በጭብጨባ አንድ ነው፤ «ድመት» ሦስት ፊደል ሲሆን በጭብጨባ ሁለት ነው። ስለዚህ በሳድስ የተሞሉ ቃላትን ወደ ኋላ አቆዩአቸው።

የፊደሉን መልክ በተመለከተ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን በተርታ ከማስቆጠር ይልቅ በስሟ ውስጥ ካሉት ፊደላት ጀምሩ። ለ፣ ሰ እና በን በአንድ ሳምንት አታስተምሩ፤ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸም እንደዚሁ ናቸው። ካዕቡ (ሁለተኛው) በአብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ፣ ሳልሱ (ሦስተኛው) ከእግሩ ሥር ቅጥያ እንዳላቸው፣ ኃምሱም (አምስተኛው) ቀለበት እንደሚያስር ስታይ ራሷ መገመት ትጀምራለች፤ «ሩ» እና «ፉ» ሲያታልሏትም ትስቃለች። እርሳስ ከመጨበጧ በፊት ግን ጆሮዋ ይሠልጥን። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

አባ መላ፦ ይቅርታ መምህርት፣ እኛ የቄስ ተማሪ ቤት ገብተን በስንደዶ እየጠቆምን ሀሁን ቆጥረን ነው ያደግነው። ምን ጎደለን?

ሐዋሳ ነኝ፦ የጎደላቸውማ እዚህ መጥተው አይጽፉም። አብረውዎት ገብተው ዳዊት ሳይደርሱ የቀሩት ስንት ነበሩ?

አባ መላ፦ የቀሩት እረኝነት ተልከው እንጂ በትምህርቱ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አራት ዓመት ኬጂ ተቀምጦ ስሙን የማያነብ ልጅ አለ።

መምህርት፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው እየወጣችሁ ነው። አባ መላ፣ የኔታ ሀሁ ላይ አላቆሙም፤ ቀጥለው አቡጊዳ አስቆጠሩዎት። አቡጊዳ ተራውንም ድምፁንም ያፋልሳል፤ አ ከግእዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሳልስ፣ ዳ ከራብዕ ነው። በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ መልእክት ንባብ ይመጣና ልጁ እውነተኛ ጽሑፍ ላይ ጣቱን ያኖራል። የዛሬው ኬጂ ከዚያ ሥርዓት የወሰደው የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ያውም ጩኸቱን ብቻ ነው። እኔ የምቃወመው ይህን ነው።

ምን ይሻላል፦ ልጄ ፊደል አልይዝ አለኝ። ምን ላድርግ?

መምህርት፦ ዕድሜው?

የዜሮ ክፍል መምህር (ደቡብ ጎንደር)፦ በክፍሌ ከስልሳ የሚበልጡ ልጆች አሉ። መጫወቻ የለንም፣ ወላጆችም «ደብተሩ ባዶ ነው» እያሉ ይወቅሱኛል። ምን ይመክሩኛል?

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቀዳማይ ልጅነት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከመጣ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ በር መከፈቱ ግን ክፍሉን አልሞላውም። በዚያው ዓመት በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ስናይ፣ ጉድለቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት እንደጀመረ መጠርጠር ይገባል።

መጫወቻ የለም ያሉት ግን አይስማማኝም። ቆርኪ፣ ጠጠርና ስንደዶ አለ። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰውና በጠጠር ገበጣ አጫውቷቸው፤ አንድ ጠጠር ለአንድ ጉድጓድ እያሉ ሲዘሩ ቁጥር ከነገር ጋር አንድ ለአንድ መግጠሙን ይማራሉ፣ እስከ መቶ በዜማ መቁጠር ይህን አያስተምርም። ቅልልቦሽ ጣትንና ዓይንን አስተባብሮ ለእርሳስ ያዘጋጃል። ሰኞ ማክሰኞ ተራ መጠበቅንና ራስን መግዛትን ያለማምዳል፤ ይህንን ያልለመደ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩን መስማት ያቅተዋል። እንቆቅልሽ ደግሞ ነገርን በሌላ ነገር አሳስቦ ማግኘትን ያስተምራል። ክፍሉን በአራት ቡድን ከፍለው አንዱን ቡድን ብቻ ራስዎ ይያዙ፣ ሌሎቹ ጨዋታ ላይ ይሁኑ፣ ከዚያ አዙሯቸው። ወላጆችን አንድ ቀን ጠርተው ልጆቹ ተረት ሰምተው በራሳቸው ቃል ሲደግሙ ያሳዩአቸው። የደብተሩ ነቀፋ ከዚያ በኋላም ላይቀር ይችላል፤ እርሳስ ከመጨበጣቸው በፊት ግን ጆሯቸው ይሠልጥን።

ምን ይሻላል፦ መምህርት፣ የእኔን አላዩትም መሰለኝ። ልጄ ፊደል አልይዝ ብሏል።

መምህርት፦ አይቼዋለሁ። ከላይ ዕድሜውን ጠይቄ ነበር፤ አሁንም እየጠየቅሁ ነው።

ምን ይሻላል፦ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር።

መምህርት፦ እንግዲያውስ ተረት ንገሩት፣ ፊደሉን ተዉት።

የቦሌው አባት፦ ልጃችን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ በሆነ ኬጂ ገብታለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ እንድናወራ ነግሮናል። እናቷና እኔ እንግሊዝኛችን መጠነኛ ነው።

መምህርት፦ አታድርጉት። መጠነኛ ቋንቋ መጠነኛ ጨዋታ ነው የሚወልደው። ልጅ ሐሳብ የሚያደራጀው ከምትወዱት፣ ከምትቀልዱበትና ከምትቆጡበት ቋንቋ ነው፤ «ለምን» ብላ ጠይቃ በአማርኛ ረጅም መልስ ያገኘች ልጅ ያንን ሐሳብ ይዛ ወደ እንግሊዝኛው ትሻገራለች።

ከሜሪላንድ፦ በዚህ አልስማማም። እዚህ አገር ሁለት ቋንቋ ልጆቹን ያምታታቸዋል፤ የእኔ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ይቀላቅላል።

ሐዋሳ ነኝ፦ እኛስ አዋቂዎቹ አንቀላቅልም?

መምህርት፦ መቀላቀል መምታታት አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ካለው ሁሉ ይመርጣል። ቃላቱን ስትቆጥሩለት የሁለቱን ቋንቋ ደምሩ። አማርኛውን ከቤት ካወጣችሁት ግን አያቱን በስልክ የሚያናግርበት አይኖረውም። በዚህ ጉዳይ ተጨማሪ ክርክር አልገባም።

አዲስ እናት፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ ሁለት ቃል አያያይዝም። ጎረቤቶቼ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» ይላሉ። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ስልክ ያያል።

መምህርት፦ ጎረቤቶችሽን አትስሚ። ይህ ለእኔ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፣ አስቀድሞም መስማቱ እንዲመረመር ጠይቂ። ስልኩን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይሆን፣ ሲያንስም እንደሚሻል ይላል።

የድሬዋ፦ ግራ እጅ የሚጽፍን ልጅ ማስለወጥ ይቻላል? አምስት ዓመት ተኩል።

መምህርት፦ አይለወጥ።

ሰሚት አካባቢ፦ «ሞንቴሶሪ» የሚል ኬጂ ጥሩ ነው? ስምስ ቢጠቁሙን?

መምህርት፦ ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የመጀመሪያው የሕፃናት ቤት ልጆቹ የአሸዋ ወረቀት ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ ድምፁን ይሰሙ ነበር። ዛሬ ስሙን ማንም በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። የትምህርት ቤት ስም አልጠቁምም። ሳትነግሩ ጠዋት ሄዳችሁ ልጆቹ እያወሩ ወይስ መምህሯ ብቻ እያወራች እንደሆነ አድምጡ፤ ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ሥዕል ቀብተው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሌላ ፈልጉ።