«እንኳን አደረሳችሁ» ገና ላልደረሰ መንገደኛ

ጥያቄ፦ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። በአንዲት የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ትውልድ እየተካ ይጓዛሉ። አንድ በዓል ፈጥሬላቸዋለሁ። «ፌስቲቫል» ልበለው ወይስ «ዓውደ ዓመት»?

መልስ፦ «ፌስቲቫል»ን ተወው። ቃሉን ስንሰማ መድረክና ድምፅ ማጉያ ነው የሚታየን። ሰው ሄዶ የሚያየው ነገር ነው፤ በዓል ግን እቤት ድረስ ይመጣል።

«ዓውደ ዓመት» ላይ ቆም እንበል። «ዓውድ» በግእዝ ክብ፣ ዙሪያ ማለት ነው። ዓመቱ ዞሮ ሲገጥም ማለታችን ነው። ታዲያ ሰዎችህ የሚዞሩት ምኑን ነው? ማርስ ላይ ቢሆኑ ችግር የለም። ማርስ ፀሐይን በ687 የምድር ቀናት ትዞራለች፤ ዓውደ ዓመቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ከፀሐይ ርቃ ወደፊት ብቻ የምትጓዝ መንኮራኩር ግን ምንም አትዞርም። (የሚገርመው «መንኮራኩር» ራሱ ጥንት የሠረገላ እግር፣ የሚሽከረከር ነገር ነበር።) ቃሉ አለ፣ ዙሩ የለም። ይህን ክፍተት አትሸፍነው። አንድ ሕፃን አያቱን «ዓመት ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቅልህ።

ስሙስ? «በዓለ ብርሃን» ዓይነቱ ያምራል፤ ግን ትናንት ኮሚቴ ተሰብስቦ ያጸደቀው ይመስላል። የኖረ ስም አፍ ላይ ያልቃል። «ዓውደ ዓመት»ን ራሱን ስናወራ ማን አሟልቶ ይጠራዋል? «አውዳመት» ብለን እናልፋለን። ያንተም ሰዎች «የመጀመሪያው ቡቃያ ቀን» ብለው ይጀምሩና ውለው አድረው «ቡቃያ» ብቻ ይበሉት። «ዘንድሮ ቡቃያ መቼ ይውላል?» ሲባባሉ ብሰማ እኔ አምናለሁ።

ባትጠይቀኝም ስለ ምኞት መግለጫው አንድ ነገር ልበል። «እንኳን አደረሳችሁ» መድረስን ነው የሚያወራው። እነሱ ደግሞ ገና አልደረሱም፤ የልጅ ልጆቻቸውም ላይደርሱ ይችላሉ! ደግሞስ ያደረሰው ማን ነው? እኛ አድራጊውን አንጠራውም፤ ፈጣሪ መሆኑ ይታወቃል። ያንተ ሰዎች ግን የሚያመሰግኑት መንኮራኩሯን ከሆነ ግሡ ወደ ሴት ፆታ ይዞራል፦ «እንኳን አደረሰቻችሁ»። አንዲት «ቻ» ናት የገባችው። በንግግር መሃል ጣል አድርጋትና እለፍ፤ ማብራሪያ አትጻፍላት።