መልስ፦ ሶኒ ኤ6000 በሄሊዮስ 44-2 አላነሳም ሲል

የድሮውን የሄሊዮስ 44-2 ሌንስ በአዳፕተር ሶኒ ኤ6000 ላይ ገጥመህ አላነሳም ስላለህ፦ ካሜራህም አዳፕተርህም ደህና ናቸው። ተራ የኤም42 (በጥርስ የሚጠመዘዝ የድሮ ሌንስ ማያያዣ) አዳፕተር ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ ይቆጥራል፤ ቁልፉን ብትጫን የማያነሳው ለዚህ ነው። ሜኑ ውስጥ የማሽን ጥርስ ምልክት ወዳለው ክፍል ግባና «ሪሊዝ ዊዝአውት ሌንስ» የሚለውን «ኢኔብል» አድርገው። ያነሳል።

የካሜራውን ሞድ መምረጫ ኤ ወይም ኤም ላይ አድርግ። ስክሪኑ ላይ የኤፍ ቁጥሩ ባይታይ አትደንግጥ፤ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ በኤፍ ቁጥር የሚለካው) የሚስተካከለው ሌንሱ ላይ ነው። ከፊት ካሉት ሁለት ቀለበቶች ጠቅ ጠቅ የሚለው ገደቡን ይይዛል፣ ለስላሳው ይከፍታል ይዘጋል። ስለዚህ፦

1. ጠቅ የሚለውን 5.6 ላይ አድርግ።
2. ለስላሳውን እስከ 2 ክፈትና ምስሉን አጉልተህ የሰውየው ዓይን ላይ ፎከስ አድርግ። ፒኪንግ (ፎከስ የሆነውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው) 2 ላይ ያታልላል፣ ብቻውን አትመነው።
3. ለስላሳውን እስኪቆም ዝጋና አንሳ።

58 ሚሊሜትሩ ሌንስ በዚህ ካሜራ ሲገጠም፣ ሴንሰሩ ትልቅ (ፉል ፍሬም) በሆነ ካሜራ ላይ እንዳለ 87 ሚሊሜትር ሌንስ ነው የሚያየው። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ለጠባብ ሳሎን ሰርግ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር፦ ባቲ የሰኞ ገበያ መሀል ሌንስ አትቀይር። ይህ ካሜራ ውስጡ መስታወት ስለሌለው፣ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ካሜራው ጠፍቶም የተጋለጠ ነው፤ የገባው አቧራ አፐርቸሩ 11 እና 16 ላይ ሲሆን ሰማዩን በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላዋል። ግድ ከሆነ መኪና ውስጥ ገብተህ፣ ካሜራውን አጥፍተህ፣ አፉን ወደ ታች ደፍተህ ቀይር። አቧራ ካየህ በጎማ መንፊያ ንፋው እንጂ በአፍህ እፍ አትበል፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።