ሕመሙ ስለተወኝ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሴ ባለፈው ዓመት ተቦርቡሮ ነበር። ምግብ ከመያዝ በቀር ስለማያስቸግረኝ ተውኩት። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ትኩስ ቡና ስጠጣ ያነዝረኛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስይዝበት ደግሞ ያስታግስልኛል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሦስት ጊዜ ገዝቼ ወሰድኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) እና ክራውን (ከላይ የሚለብሰውን ሽፋን) ጨምሮ 18 ሺህ ብር አለኝ። ከደመወዜ በላይ ነው። መንግሥት ሆስፒታል ስሄድ ደግሞ የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጡኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን፣ ተመስገን፣ ሕመሙ ጭራሽ ጠፍቷል። ቀጠሮዬን ብጠብቅ ችግር አለው? ጨጓራም አለብኝ። በዚያው ስለ ልጄም ልጠይቅዎ። 7 ዓመቷ ነው። ከኋላ ያለው ጥርሷ ጥቁር ነጥብ አውጥቷል። የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ፦

መምህርት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ «ተመስገን፣ ጠፍቷል» ያሉት ነው።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ነርቭና ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሉበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ቡርቡሩ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፣ ያብጣል። እጅዎ ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል። የጥርስ ግድግዳ ግን አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ስለሌለው ነርቩን ይጫነዋል። ሲተኙ ደም ወደ ራስ ስለሚበዛ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሌሊት የሚብሰውም ለዚህ ነው።

«ቀዝቃዛ ያስታግስልኛል» ያሉት ደግሞ ለእኛ ለጥርስ ሐኪሞች ብዙ ይነግረናል። ገና በጅምሩ ያለ ጥርስ ቀዝቃዛ ሲነካው ነው የሚያመው። ትኩስ የሚያነዝረውና ቀዝቃዛ የሚያስታግሰው ነርቩ ወደ መሞቱ የተጠጋ ጥርስ ነው። ከዚያ ነርቩ ይሞታል፣ ሕመሙም ይጠፋል። ሲጮኽ የቆየ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ዝም እንደሚለው ነው። ደዋዩ ግን አሁንም ይደውላል። ጀርሞቹ ከሞተው ነርቭ ወደ ሥሩ ጫፍ፣ ከዚያም ወደ አጥንቱ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ሆኖ ዓመት ይቀመጣል። ሌላው በሳምንቱ ጉንጩ አብጦ ይነሣል። እርስዎ የትኛው እንደሚሆኑ በደብዳቤ መለየት አልችልም። ራጅ ያስፈልጋል፣ ጥርሱንም መታ መታ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ከምልክቶቹ ስገምት ግን ሦስት ወር መጠበቁን አልመክርም።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ ሦስት ጊዜ የወሰዱት ሳይጠቅምዎ አልቀረም። አሻለኝ ብለው ከሆነ፣ ያሻለዎት ነርቩ እየሞተ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ወደ አካላችን የሚደርሰው በደም ነው። በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ መድኃኒቱ ጀርሙ ወዳለበት አይደርስም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው እብጠቱ ሲሰፋ፣ ትኩሳት ሲመጣ ነው። ያኔም ቢሆን ጥርሱ ተከፍቶ ካልጸዳ ወይም ካልተነቀለ ተመልሶ ይመጣል። ፋርማሲ ሄዶ «ጥርሴን አሞኛል» ያለ ሁሉ አሞክሳሲሊን ይዞ መውጣቱ ከምጠላቸው ልማዶች አንዱ ነው። አንድ ቀን በእርግጥ ሲያስፈልግዎ ጀርሙ ለምዶት ሊያገኙት ይችላሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ወረፋው እንምጣ። እኔ በሁለቱም ቤት ሠርቻለሁ። በመንግሥት ሆስፒታል በነበርኩበት ጊዜ ጠዋት ስገባ አግዳሚው ሞልቶ፣ ከፊሉ ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሠራ ወንበር አንድ ነበር። ሌላው መለዋወጫ ይጠብቃል። አንድ ጥርስ ለመንቀል ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃኛል። መንጋጋ ጥርስ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦይ አለው። እያንዳንዱ ተለክቶ፣ ታጥቦ፣ እስከ ጫፉ መሞላት አለበት። ለአንዱ ሩት ካናል አንድ ሰዓት ብሰጥ ሌሎች አራት ሰዎች ከነሕመማቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ነቀልኩ። ሊተርፍ የሚችል ጥርስም ነቅያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ቀጠሮው የሚረዝመው ሩት ካናል ጊዜ ስለሚበላ ነው።

የግሉ ቤት ውድነትም ምክንያት አለው። ማደንዘዣው፣ የቦይ ማጽጃ መርፌዎቹ፣ መሙያው፣ የራጅ ፊልሙ፣ የወንበሩ መለዋወጫ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። የክሊኒኩ ሒሳብም አብሮ ወጣ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለእረፍት ሲመጡ ጥርሳቸውን እዚህ አሠርተው የሚመለሱት ያው ዋጋ በዶላር ሲሰላ ርካሽ ስለሚሆንላቸው ነው። በብር ለሚከፈለው ግን ርካሽ አይደለም። ይህን ሁሉ ስል ሁሉም ክሊኒክ የሚጠይቀው ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም። ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ክሊኒኮች በጣም የተራራቀ ዋጋ ሲጠሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የተጠየቁት 18 ሺህ ብር አንድ ላይ ስለተጠራ አስደነገጠዎት። በውስጡ ግን ሦስት ሥራ አለ። የመጀመሪያው ጥርሱን ከፍቶ፣ የሞተውን አውጥቶ፣ መድኃኒት አድርጎ በጊዜያዊ ሙሌት መዝጋት ነው። አጣዳፊው ይኸኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦዮቹን ለዘለቄታው መሙላት ነው። ይህ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ጊዜያዊው ሙሌት ግን ለወራት አይሆንም፤ ምራቅ ማስገባት ይጀምርና የጸዳው ይበላሻል። ሦስተኛው ክራውኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የገንዘቡን ትልቅ ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። ነርቩ የወጣለት መንጋጋ ጥርስ ስለሚሰበር መልበሱ አይቀርም። ደህና ተደርጎ ከተሞላ ግን ጥቂት ወራት ይታገሳል። እስከዚያ በዚያ በኩል ቆሎ አይቆርጥሙ። ዳቦ ቆሎም ቢሆን።

ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ተመልሰው «ዋጋውን ከፋፍላችሁ ጻፉልኝ፤ በየዙሩ ልክፈል» ይበሉ። ማፈር የለም፤ እኛ ዘንድ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው። ክራውኑ ከምን እንደሚሠራም ይጠይቁ። ከኋላ ላለ መንጋጋ የብረቱ ዓይነት ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከነጩ ይቀንሳል። ሲስቁ ካልታየ ምን ቸገረዎት? በጽሑፍ አንሰጥም የሚል ክሊኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ይሞክሩ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ቀጠሮ የሰጠዎት ሆስፒታል አንድ ጠዋት በጊዜ ይሂዱ። የተቀጠሩት ለሙሉው ሩት ካናል ሳይሆን አይቀርም። «ሌሊት ሲያመኝ ቆይቶ በድንገት ተወኝ» ብለው ለሚያየዎት ሐኪም በትክክል ይንገሩ። ከጥርሱ አጠገብ ድድዎ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ካለ ያሳዩ። ወረፋውን ባይዘሉም የመጀመሪያውን ዙር፣ መክፈቱን፣ በዚያው ቀን የሚያደርግልዎ ሐኪም ሊያገኙ ይችላሉ። ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜ የሚሠራ «ፕራይቬት ዊንግ» ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎችም አሉ። ከመደበኛው ይወደዳል፣ ከግል ክሊኒክ ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሚሠሩባቸው ቦታዎችም አይናቁ። አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ተማሪ ስለሚሠራው ይዘገያል፤ አስተማሪው ግን ከጀርባው ቆሞ ያያል።

ስለ ኢንሹራንስ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠይቁኛል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ያላችሁ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ብትሄዱ ለምርመራና ለማስነቀል ይጠቅማችኋል። ሰው ሠራሽ ጥርስን ግን አይሸፍንም። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። ከወጣ በኋላ ትግበራው ሲራዘም፣ ሲራዘም ኖሯል። መምህርት፣ ለዚህ ጥርስ በእሱ ላይ ተስፋ አይጣሉ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አቅም ባይፈቅድስ? ያስነቅሉት። በአፍ ውስጥ የሞተ ጥርስ ይዞ ከመቆየት መነቀሉ ይሻላል፤ በዚህ የሚወቅስዎ ሐኪም ካለ አይስሙት። እኔ ግን በቅድሚያ እንዲያተርፉት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሒሳብ ነው። የታችኛው መንጋጋ ሲነቀል ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ይጋደማል፤ ከላይ ያለው ተጓዳኙም ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ ብሪጅ (ክፍተቱን የሚሞላ፣ በአጠገቡ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላሠራ ሲሉ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ጤነኛ ጥርሶች መሞረድ አለባቸው። ያኔ የሚጠየቁት ከዛሬው ይበልጣል። የሚነቀለው የመጨረሻው፣ የአእምሮ ጥርስ የሚባለው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልም ነበር።

ሕመሙ ከተመለሰ ጨጓራ ስላለብዎ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅርብዎ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ ይውሰዱ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አይድገሙ፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፉ። የጉበት ችግር ካለብዎ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ። አስፕሪን ድድ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ዘይቱ በእኛም ሙያ ይገባል። ያቺን የሞተች ነርቭ ግን አያወጣትም። «የጥርስ ትል እናወጣለን» የሚሉትን እለፏቸው፤ ጥርስ ውስጥ ትል የለም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮም ክሊኒክም አይጠብቅም። ከመንጋጋ አጥንት ሥር ወይም ከምላስ ሥር ካበጠ፣ አፍዎን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት፣ ድምፅዎ ከታፈነ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሪፈር አምጪ አይባሉም። እንዲህ ያለ እብጠት በሰዓታት ውስጥ የመተንፈሻን መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ስለ ልጅዎ። «ይወድቃል» የተባለው ጥርስ ላይወድቅ ይችላል። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ መንጋጋ ይበቅላል። ለመብቀል ምንም ጥርስ ስለማያስወድቅ ወላጅ አያስተውለውም፤ የወተት ይመስለዋል። ግን ቋሚው ነው፤ ምትክ የለውም። የእርስዎም ያመመዎት ይኸው ጥርስ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእርስዎ አልፏል፣ ለእሷ ግን ገና ነው። ነጥቡ ትንሽ ሳለ መሙላት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከሩት ካናል ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ትንሽ ነው። ዛሬ ማታ የስልክዎን መብራት አብርተው አፏን ክፈቺ ይበሏት። ከፊት ለፊት መሀል ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የወደቀም ካለ ቦታውን አብረው ይቁጠሩት። ጥቁሩ ስድስተኛው ላይ ከሆነ፣ ሆስፒታል በሚሄዱበት ጠዋት እሷንም ይዘዋት ይሂዱ።