ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ መማር ለምትፈልጉ፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። አገር ቤት ሳይኮሎጂ ጨርሼ ማስተርሴን በፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ (የሰውን ጠንካራ ጎንና ህይወቱ እንዲያብብ የሚያደርገውን የሚያጠና ዘርፍ ነው) ስለሰራሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጥያቄ መጣ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሞቲቬሽናል ስፒከሮች የሚያወሩት አይደል እንዴ? ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ዘርፉን የጀመረው ሳይኮሎጂስት ማርቲን ሴሊግማን እኮ የተነሳው ከደስታ አይደለም፣ በ1967 ከስቲቨን ማየር ጋር ከሰሩት የውሾች ጥናት ነው፣ ማምለጥ በማይችሉበት ቦታ ኤሌክትሪክ የነዘራቸው ውሾች በኋላ መሸሽ ሲችሉም አብዛኞቹ ተኝተው ቀሩ፣ ግን ሁሉም አልቀሩም፣ እና እነዛ ተስፋ ያልቆረጡት ምን ቢኖራቸው ነው የሚለው ጥያቄ ነው ቀስ በቀስ ወደዚህ ያመጣው። በ1998 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበር ፕሬዝዳንት ሲሆን ሙያችን በሽታ ላይ ብቻ አተኩሯል፣ የሰው ጠንካራ ጎንም በዛው ጥንቃቄ ይጠና አለ። ክፍል ውስጥ የሚውለው ይሄ እንዴት ይለካል የሚለው ነው፣ ማጨብጨብ የለም።

ጥያቄ፦ 24ቱ ጥንካሬዎች የሚባሉት ምንድናቸው? ቴስቱ ይከፈልበታል?

መልስ፦ ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ሴሊግማን በ2004 ያወጡት ምደባ ነው፣ በ6 ምድብ ስር 24 ባህሪዎች፦ ደግነት፣ ጽናት፣ ፍትሃዊነት፣ ምስጋና፣ የማወቅ ጉጉት እያለ ይቀጥላል። ቪአይኤ የሚባለው መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይሞላል። ውጤቱ ደረጃ ነው እንጂ ፈተና አይደለም፣ መጨረሻ የወጣው ጎድሎሻል ማለት አይደለም እህቴ፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ይደነግጣል። በ2005 በታተመ ጥናት ከላይ ከወጡት ጥንካሬዎቻቸው አንዱን ለ1 ሳምንት በየቀኑ በአዲስ መንገድ የተጠቀሙ ሰዎች ከ6 ወር በኋላም ደስታቸው ጨምሮ ታይቷል፣ ማታ ማታ 3 ጥሩ ነገር ከነምክንያቱ የጻፉትም እንደዛው። ከነምክንያቱ የሚለውን አትዝለሉት።

ጥያቄ፦ ሂሳብ አልወድም፣ ስታትስቲክስ ይበዛዋል?

መልስ፦ አለው፣ ደግሞም የግድ ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በ2005 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ማርሻል ሎሳዳ ያሳተሙት ጽሁፍ አንድ ሰው ህይወቱ እንዲያብብ ጥሩ ስሜቱ ከመጥፎው ቢያንስ 2.9013 እጥፍ መሆን አለበት ይል ነበር፣ አስቡት እስከ 4ኛ ዴሲማል! ለዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። ጥያቄ ያነሳው ለንደን፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኢስት ለንደን፣ ይሄንኑ ትምህርት በማስተርስ የሚማር ኒክ ብራውን የሚባል ተማሪ ነው፣ ወጣት እንኳን አይደለም፣ ከአለን ሶካልና ሃሪስ ፍሪድማን ጋር ሆኖ በ2013 ሂሳቡ መሰረት እንደሌለው አሳየ፣ ጆርናሉም እርማት አወጣ። ከዛ በፊት ስንት አሰልጣኝ ያንን ቁጥር ሸጦበታል መሰላችሁ። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ዘርፉን ያረመው የራሱ ተማሪ ስለሆነ ነው፣ ስለዚ ስታትስቲክስን ፈርታችሁ አትሽሹ።

ጥያቄ፦ የት ልማር? ሲጨረስ ቴራፒስት ያደርጋል?

መልስ፦ ቴራፒስት አያደርግም፣ ላይሰንስ ከፈለግሽ ክሊኒካል ወይም ካውንስሊንግ ነው መንገዱ። ይሄኛው ለመምህር፣ ለኤችአር፣ ለኮቺንግ፣ ለምርምር ይጠቅማል። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን በ2005 ጀመረ፣ ኢስት ለንደን በ2007። ውድ ናቸው፣ መጀመሪያ ስኮላርሺፕ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጦርነትና ስደት ላየ ሰው ይሄ ቅንጦት አይሆንም?

መልስ፦ እማማ፣ ከሁሉም በላይ የከበደኝ ጥያቄ የርስዎ ነው። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ጥሩ ጥሩውን አስብ ማለት በደል ነው፣ ትምህርቱም እንደዛ አይልም። ቴዴስኪና ካልሁን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከከባድ መከራ በኋላ አንዳንዱ ሰው ከሰው ጋር ያለው ቅርበትና ለህይወት ያለው ግምት እንደሚጨምር አጥንተዋል፣ ህመሙ ግን አብሮት አለ፣ መከራው ጥሩ ነበር ማለትም አይደለም። ፒተርሰን ደግሞ ዘርፉን ባጭሩ ሲናገር ዋናው ነገር ሌላው ሰው ነው ይል ነበር። እድር ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ፣ ሀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር የሚደረገው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፣ እና በኛ ሰው ላይ በደንብ ቢጠና ደስ ይለኛል። የዘርፉ መጠይቆች አብዛኞቹ አሜሪካና አውሮፓ ተማሪዎች ላይ ነው የተሞከሩት።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሁፌን በዚህ ላይ ልሰራ ነው፣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ በ1985 ያወጡትን የህይወት እርካታ መለኪያ እየው፣ 5 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከ1 እስከ 7 ይሞላል። አማርኛውን አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱን አስተያይ። ከዛ ለጥቂት ሰው አስሞልተህ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ጠይቃቸው፣ አድቫይዘርህ ጋር ያንን ይዘህ ግባ።