የቃኘው ዘማች ሜዳይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮሪያ ከዘመቱት አያቴ ሣጥን ክብ የነሐስ ሜዳይ አገኘን። ፊቱ ላይ የዓለም ካርታ አለ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ስማቸውና «፩ኛ ቃኘው» ተቀርጿል። ስሙን ያስቀረጸው መንግሥት ነው? ፎቶውን ልኬያለሁ።

መልስ፦ ሜዳዩ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው፤ «ቃኘው» ደግሞ ኮሪያ የዘመቱት የኢትዮጵያ ሻለቆች መጠሪያ ነው። ለዘማች አገሮች በየቋንቋቸው ስለተዘጋጀ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ አማርኛ ነው። ጥብጣቡ ካልጠፋ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ስሙን ግን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። በማሽን የተመታ ፊደል ጥልቀቱ እኩል ነው፤ በእጅ የተቀረጸው አጀማመሩ ላይ ይጠልቅና ጫፉ ላይ ይሳሳል። በእርስዎ ፎቶ የ«ኘ» አንዱ እግር ከመስመሩ አልፎ ወጥቷል፤ መሣሪያው አዳልጦታል። የአንጥረኛ እጅ ነው። ዋጋውን ይቀንሰዋል የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የት የት ተዋጉ?

መልስ፦ ሜዳዩ ብቻውን አይናገርም፤ «፩ኛ» የምትለዋ ናት ቁልፉ። ሻለቆቹ በየዓመቱ ይተካኩ ነበር። አንደኛው ቃኘው ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ሥልጠናውን ጨርሶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ፤ ከፍታ 602 በተባለው ኮረብታ ላይ የተዋጋውም ይኸው ሻለቃ ነው። አያትዎ ሦስተኛው ቃኘው ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር፤ በግንቦት 1945 ዮክ እና አንክል በተባሉት ምሽጎች የሌሊት ውጊያ ላይ እንፈልጋቸው ነበር። ከቃኘው ሻለቆች በጠቅላላው ከ120 በላይ ዘማቾች ወድቀዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። «ቃኘው» የሚለው ስምም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የተወሰደ ነው።

ጥያቄ፦ በአያቴ ፎቶ ላይ ትከሻቸው ላይ ቀይ ክብ ምልክት አለ፤ መሐሉ የአሸዋ ሰዓት ይመስላል።

መልስ፦ የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ነው። የአሸዋ ሰዓቱ ጥቁር ነው አይደል? እንግዲያው አያትዎ ፎቶውን የተነሡት ወይ እዚያው ግንባር ሳሉ ወይም ከተመለሱ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳዩን ላስወልውለው?

መልስ፦ በፍጹም! በስም ጥርቦቹ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው፤ ፊደሉም ከተወለወለ ይሳሳል። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ያንሱለት።

ጥያቄ፦ አያቴ ሜዳዩን ለምን በጨርቅ ጠቅልለው ደበቁት? አንድም ቀን አድርገውት አላየንም።

መልስ፦ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ኮሚኒስቶችን የወጋ የክብር ዘበኛ ወታደር ደረቱ ላይ ይህን ሰክቶ አደባባይ አይወጣም ነበር። የጠቀለሉበትን ጨርቅ ግን አይጣሉት፣ አብሮ ይቀመጥ።